አድናቂ ሲቆጣ፦ የ«ሮክ አጌንስት ሬሲዝም» ጉዳይ

አንድን ዘፋኝ ከልብህ ትወዳለህ። ያ ዘፋኝ አንድ ቀን ክፉ ነገር ይናገራል። ከዚያስ? አንዱ «ሙዚቃን ከፖለቲካ አትቀላቅሉ» ብሎ ያልፋል። ሌላው አልበሙን አውጥቶ ይጥላል። ሌላው ደግሞ ዘፋኙን ለመከላከል ከሰው ሁሉ ይጣላል። ይህ ክርክር በተነሳ ቁጥር እኔ ወደ አንድ ጉዳይ እመለሳለሁ። ጉዳዩ «ሮክ አጌንስት ሬሲዝም» (ሮክ ዘረኝነትን በመቃወም) የተባለው የሙዚቃ እንቅስቃሴ ነው። የሆነው ብሪታንያ ውስጥ ነው፤ ከ1976 እስከ 1981 በአውሮፓውያን አቆጣጠር። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችም ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ነገሩን የጀመሩት የተናደዱ አድናቂዎች ናቸው። ታዋቂዎቹ ባንዶች የመጡት ከኋላ ነው።

የበርሚንግሃሙ ምሽት

ኦገስት 5 ቀን 1976 ዝነኛው እንግሊዛዊ ጊታሪስትና ዘፋኝ ኤሪክ ክላፕተን በርሚንግሃም ከተማ፣ ኦዲዮን አዳራሽ ውስጥ ኮንሰርት ነበረው። መድረክ ላይ የወጣው ሰክሮ ነው። በዘፈኖቹ መሀል ማውራት ጀመረ። ኢኖክ ፓወልን እንደሚደግፍ ተናገረ። አገሪቱ በሰው ተጨናንቃለች አለ። የጥቁሮች ቅኝ ግዛት እንዳትሆን መጤዎቹ ይውጡ አለ። አንዳንዶቹ ቃላት እዚህ የሚደገሙ አይደሉም።

ፓወል ያኔ የፓርላማ አባል ነበር። በ1968 እዚያው በርሚንግሃም ውስጥ በስደተኞች ላይ ያደረገው ንግግር «የደም ወንዞች» በሚል ስም ይታወቃል። በዚያ ንግግር የተነሳ የፓርቲው መሪ ኤድዋርድ ሂዝ ከጥላ ካቢኔው፣ ማለትም ተቃዋሚ ፓርቲ ለሚኒስትርነት ካዘጋጃቸው ሰዎች ቡድን፣ አባርሮታል። ስለዚህ ክላፕተን የጠራው ስም ከባድ ስም ነው። ለአዳራሹ ታዳሚ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ጊዜውም ክፉ ነበር። ከሁለት ወር በፊት፣ ጁን 4 ቀን፣ ጉርዲፕ ሲንግ ቻጋር የተባለ የ18 ዓመት ወጣት በምዕራብ ለንደን ሳውዝሆል ውስጥ በስለት ተወግቶ ተገድሏል። ናሽናል ፍሮንት የተባለው አክራሪ ቀኝ ፓርቲ ጉልበት እያገኘ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በለንደን ምክር ቤት ምርጫ ወደ 119,000 የሚጠጋ ድምፅ አገኘ።

አድናቂውን አንጀቱን ያቃጠለው ግን ሌላም ነገር ነው። ክላፕተንን ክላፕተን ያደረገው ብሉዝ ነው። ብሉዝ የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ነው። በ1974 አሜሪካ ውስጥ በሽያጭ አንደኛ ደረጃ ላይ ያስቀመጠው «አይ ሾት ዘ ሸሪፍ» («ሸሪፉን ተኮስኩት») ደግሞ የጃማይካዊው የቦብ ማርሊ ዘፈን ነው። ሰውየው በጥቁሮች ሙዚቃ እንጀራውን እየበላ ነው ጥቁሮች ይውጡልኝ ያለው።

ደብዳቤው

ሬድ ሳውንደርስ ፎቶ አንሺ ነው። ካርቱን ክላውንስ በተባለ፣ ፖለቲካን በቧልት በሚያቀርብ የቲያትር ቡድን ውስጥም ይሠራ ነበር። ጓደኛው ሮጀር ሀድል የሕትመት ዲዛይነር ነው። የክላፕተን ንግግር ጆሯቸው ሲደርስ ከጥቂት ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ደብዳቤ ጻፉ። ኤንኤምኢ፣ ሜሎዲ ሜከርና ሳውንድስ የተባሉት የሙዚቃ ጋዜጦች አወጡት። ሶሻሊስት ወርከር የተባለው የግራ ጋዜጣም አወጣው።

ደብዳቤው አጭር ነው። «እስቲ እመን ኤሪክ፣ ሙዚቃህ ግማሹ የጥቁር ነው» ይለዋል። የሮክ ሙዚቃ ትልቁ ቅኝ ገዢ አንተ ነህ ይለዋል። ቀጥሎ ወደ አንባቢው ይዞራል። ሮክ ውስጥ የገባውን የዘረኝነት መርዝ የሚታገል፣ ከታች የሚነሳ እንቅስቃሴ እንፍጠር ይላል። የምትስማሙ ጻፉልን ብሎ አድራሻ ይሰጣል። መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ተጨምሯል፤ «ሸሪፉን ማን ተኮሰው ኤሪክ? አንተ እንዳልሆንክ እርግጠኞች ነን!»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ምክንያቱም ጉዳዩ ሁሉ እዚህች ደብዳቤ ውስጥ አለ።

መጀመሪያ ነገር፣ ይህን ደብዳቤ ሊጽፍ የሚችለው አድናቂ ብቻ ነው። ዘፈኑን የማያውቅ ሰው ያቺን የመጨረሻ መስመር ሊያስባት አይችልም። ጠላት ቢሆን «ዘረኛ ነህ» ብሎ ያልፍ ነበር። አድናቂ ግን የሰውየውን ሥራ በልቡ ይዞታል። ስለዚህ በገዛ ዘፈኑ ይጠይቀዋል። ብዙ ሰው አድናቂነትን እንደ ድክመት ያየዋል፤ የወደደ ሰው አይፈርድም ይባላል። እዚህ ግን ፍርዱን የሰላ ያደረገው ያው ፍቅር ነው።

ሁለተኛው ቀልዱ ነው። ቀልዱ ንዴቱን አላለሳለሰውም። ይልቁንም ከአፍ ወደ አፍ እንዲሄድ አደረገው። ያንን ደብዳቤ ያነበበ ሰው ሌላውን ሊረሳ ይችላል፤ የሸሪፏን መስመር ግን አይረሳም። ቧልት ሙያው የሆነ ሰው እጅ እንዳለበት ያስታውቃል።

ለእኔ ግን ዋናው አድራሻው ነው። አድራሻው ባይኖር ደብዳቤው የአንድ ሳምንት ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር። በየቤቱ ብቻውን የሚብሰለሰል ሰው የሚጽፍበት ቦታ አገኘ። በመቶዎች የሚቆጠሩ መልሶች መጡ። የአንድ አድናቂ ንዴት የብዙዎች መሆኑ የታወቀው ያኔ ነው።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። ሀድል የሶሻሊስት ወርከርስ ፓርቲ አባል ነበር። በኋላም የፓርቲው ሰዎች በእንቅስቃሴው ውስጥ ጉልህ ቦታ ነበራቸው። «ከጀርባው ፓርቲ አለ» የሚለው ትችት ከዚህ ይነሳል፤ ከሜዳ የመጣ ትችትም አይደለም። ሆኖም በየከተማው ኮንሰርት ያዘጋጀው ወጣት አብዛኛው የማንም ፓርቲ አባል ያልሆነ የሙዚቃ አፍቃሪ ነው። ሁለቱም እውነት ነው።

ንግግር በመድረክ አሰላለፍ

የእንቅስቃሴው የመጀመሪያ ኮንሰርት የተካሄደው በኖቬምበር 1976 ነው። ቦታው በምሥራቅ ለንደን ፎረስት ጌት የሚገኝ ፕሪንሰስ አሊስ የተባለ መጠጥ ቤት ነው። ዋናዋ ዘፋኝ ካሮል ግራይምስ ነበረች። ትንሽ ቦታ ነው። ከዚያ በኋላ ግን በየከተማው በዚያው ስም ኮንሰርት የሚያዘጋጅ ቡድን መብቀል ጀመረ።

ያመጡት አሠራር እጅግ ቀላል ነው። የጥቁር ሬጌ ባንድና የነጭ ፓንክ (ፈጣንና ቁጡ የወጣቶች ሮክ) ባንድ በአንድ ምሽት፣ በአንድ መድረክ ይጫወታሉ። መጨረሻ ላይ ሁሉም አብረው ወጥተው ይጫወታሉ። ይኸው ነው። ዛሬ ለሚያነበው ሰው ቀላል ይመስላል። በዚያን ጊዜ ግን የሁለቱ ሙዚቃ አድማጮች በአንድ አዳራሽ ብዙም አይገናኙም ነበር። ፓንክ ሊሰማ የመጣው ልጅ ስቲል ፐልስን ወይም ሚስቲ ኢን ሩትስን ሳይሰማ አይሄድም። ሬጌ ሊሰማ የመጣውም እንደዚያው።

እኔ ፖለቲካና ሙዚቃ የተዋሃዱበትን ቦታ የማየው እዚህ ላይ ነው። ረጅም ንግግር ኮንሰርትን ይገድላል። ሰው ሊጨፍር መጥቶ ትምህርት ሲሰጠው ቅር ይለዋል፤ አይፈረድበትም። እነዚህ ሰዎች ግን መልእክቱን አሰላለፉ ውስጥ ከተቱት። ማን ከማን ጋር ይጫወታል? ማን መጨረሻ ይወጣል? ጥቁሮቹ ሁልጊዜ ማሟሟቂያ ናቸው ወይስ ዋናዎቹም ይሆናሉ? ጥያቄው ሁሉ ፖለቲካ ነው፤ ግን ማንም ማይክ ይዞ አላስተማረም።

በሜይ 1977 «ቴምፖራሪ ሆርዲንግ» የተባለች የራሳቸውን ጋዜጣ ማውጣት ጀመሩ። በመጀመሪያው እትም ላይ የሚፈልጉትን ሙዚቃ ሲገልጹ፣ ሰዎች እርስ በርስ የሚፈራሩበትን ፍርሃት የሚያፈርስ ሙዚቃ አሉት። «ሙዚቃን ውደድ፣ ዘረኝነትን ጥላ» የሚለው መፈክራቸውም እዚያው አለ። ገጾቿ በተቆራረጠ ፎቶ፣ በትልልቅ ፊደልና በኮላዥ የተሞሉ ናቸው። አሰልቺ የፓርቲ ወረቀት አትመስልም። የሙዚቃ አፍቃሪ አንስቶ የሚያገላብጣት ነገር ናት።

ቀልዱ የማን ነበር

የዚያን ጊዜውን የብሪታንያ ኮሜዲ ሳናይ ይህ ጉዳይ ሙሉ አይሆንም። ቢቢሲ «ዘ ብላክ ኤንድ ዋይት ሚንስትረል ሾው» የተባለ ፕሮግራም ከ1958 እስከ 1978 ድረስ አሳይቷል። ነጭ ዘፋኞች ፊታቸውን ጥቁር ቀብተው የሚዘፍኑበት ፕሮግራም ነው። በ1967 ይቁም የሚል የተቃውሞ ፊርማ ቀርቦለት ነበር። ከዚያም በኋላ አሥር ዓመት በላይ ቀጠለ። በየመጠጥ ቤቱ መድረክ ላይ የሚቆሙ ኮሜዲያንም ስደተኛውን መሳቂያ ማድረግ የዕለት ሥራቸው ነበር።

ማለትም ቀልድና ፖለቲካ ቀድሞውኑ ተቀላቅለዋል። ማንም «ኮሜዲን ከፖለቲካ አትቀላቅሉ» አላለም፤ ምክንያቱም ፖለቲካው የብዙኃኑ ስለሆነ አይታይም። «አትቀላቅሉ» የሚለው ተግሣጽ የሚመጣው የሚሳቅበት ሰው መልስ መስጠት ሲጀምር ነው። ይህን ነገር በየአገሩ አይቼዋለሁ፤ ሁሌም ያናድደኛል።

እንቅስቃሴው ሳቁን ወደ ሌላ ሰው አዞረው። ስቲል ፐልሶች ጥቁሮችን ይገድል ስለነበረው የአሜሪካ ዘረኛ ቡድን፣ ስለ ኩ ክላክስ ክላን፣ ሲዘፍኑ የክላኑን ነጭ ቆብ አጥልቀው መድረክ ላይ ይወጡ ነበር። ጥቁር ሙዚቀኛ የገዳዮቹን ልብስ ለብሶ ሲያፌዝባቸው አስቡት። ያስፈራል፣ ያስቃልም። ለ1978ቱ ትልቅ ሰልፍ ደግሞ ፒተር ፍላክና ሮጀር ሎው የተባሉ ሠዓሊዎች ከወረቀትና ከሙጫ ግዙፍ የሂትለርና የናሽናል ፍሮንት መሪዎች ጭንቅላት ሠሩ። ሰዎቹ አስፈሪ ለመምሰል ይደክማሉ፤ ከሰው ራስ በላይ የሚንገዳገድ አስቀያሚ አሻንጉሊት ሲሆኑ ግን ሕፃን ይስቅባቸዋል። እነዚሁ ሁለት ሰዎች በ1984 በአይቲቪ ቴሌቪዥን የጀመረውን «ስፒቲንግ ኢሜጅ» የተባለውን ዝነኛ የአሻንጉሊት ፖለቲካዊ ኮሜዲ የፈጠሩ ናቸው።

ቪክቶሪያ ፓርክ፣ ኤፕሪል 30 ቀን 1978

በኖቬምበር 1977 አንቲ ናዚ ሊግ (ፀረ ናዚ ማኅበር) የተባለ ድርጅት ተቋቋመ። ሊጉና ሮክ አጌንስት ሬሲዝም አብረው አንድ ትልቅ ሰልፍና ኮንሰርት አዘጋጁ። ሰልፉ ከትራፋልጋር አደባባይ ተነስቶ ምሥራቅ ለንደን ወደሚገኘው ቪክቶሪያ ፓርክ ሄደ። መድረሻው በዓላማ የተመረጠ ነው፤ ናሽናል ፍሮንት ድምፅ የሚያገኝበት አካባቢ ነበርና። ዘ ክላሽ፣ ስቲል ፐልስ፣ ኤክስ ሬይ ስፔክስና ቶም ሮቢንሰን ባንድ ተጫወቱ። የተገኘው ሰው በ80,000 እና በ100,000 መካከል ይገመታል። አዘጋጆቹ ራሳቸው ይህን ያህል ሕዝብ አልጠበቁም።

ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል አንዱን ልውሰድ። ቢሊ ብራግ ያኔ የ20 ዓመት የቢሮ ሠራተኛ ነው። በኋላ ራሱ ታዋቂ ዘፋኝ ሆኗል፤ ይህን ቀን በየቃለ መጠይቁ ያነሳዋል። የመጣው ዘ ክላሽን ሊያይ ነው። በሚሠራበት ቢሮ ሰዎች ዘረኛ ቀልድ ሲቀልዱ ይሰማል፤ እሱ ግን ዝም ይላል። ከሁሉም ታናሽ ነው፣ ምን ይበል? ፓርኩ ውስጥ ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የእሱን ዓይነት ወጣቶች አየ። ቶም ሮቢንሰን ስለ ግብረ ሰዶማውያን መብት ሲዘፍን ደግሞ ዙሪያውን የቆሙ ወንዶች ተሳሳሙ። ብራግ መጀመሪያ ግራ ገባው። እነዚህ ሰዎች ከጥቁሮች መብት ጋር ምን አገናኛቸው? ከዚያ ገባው። ፋሺስቶቹ ከእነሱ የተለየውን ሁሉ ነው የሚጠሉት። ብራግ እንደሚለው ዓለሙን የለወጠው መድረኩ ላይ ያለው ባንድ ሳይሆን ታዳሚው ነው። ከዚያ በኋላ ቢሮው ውስጥ ዝም እንደማይል ወሰነ።

ይህ ምስክርነት ከሰልፈኛው ቁጥር በላይ ይነግረኛል። ዘፈን ያላመነበትን ሰው አሳምኖ የሚመልሰው ከስንት አንዴ ነው። በልቡ የሚያምንበትን ነገር ለመናገር ለሚፈራ ሰው ግን ብቻህን አይደለህም ይለዋል። ሰኞ ጠዋት ሥራ ቦታ ሲገባ የሚያስፈልገውም ያ ነው።

ያልቻለው

ከቪክቶሪያ ፓርክ አራት ቀን በኋላ፣ ሜይ 4 ቀን 1978፣ አልታብ አሊ የተባለ ወጣት የባንግላዴሽ ተወላጅ የልብስ ስፌት ሠራተኛ ምሥራቅ ለንደን ውስጥ ተገደለ። ከሥራ ወደ ቤቱ እየሄደ ነበር። ኮንሰርቱ ከተደረገበት ቦታ ብዙ አይርቅም። ከቀናት በኋላ 7,000 ያህል ሰው አስከሬን ሳጥኑን ተከትሎ የጠቅላይ ሚኒስትሩ መኖሪያ እስካለበት ዳውኒንግ ስትሪት ድረስ ተጓዘ። ያንን ሰልፍ ያዘጋጀው በዋናነት የቤንጋሊ ማኅበረሰብ ራሱ ነው። ኮንሰርት ሰው ያሰባስባል፤ ማታ ከሥራ የሚመለሰውን ሰው ግን አይጠብቅም።

ሴፕቴምበር 24 ቀን ሌላ ትልቅ ኮንሰርት በደቡብ ለንደን ብሮክዌል ፓርክ ተደረገ። ኤልቪስ ኮስቴሎና አስዋድ ተጫወቱ፤ ሕዝቡም ግልብጥ ብሎ ወጣ። በዚያው ቀን ናሽናል ፍሮንት ምሥራቅ ለንደን ውስጥ ሰልፍ ጠራ። ብሪክ ሌን የሚኖሩትን ቤንጋሊዎች ለመከላከል የቀረው ሰው በጣም ጥቂት ነበር። «እናንተ ስትጨፍሩ እኛ ብቻችንን ቀረን» የሚል መራራ ወቀሳ መጣ። ወቀሳው ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ኮንሰርቱን መሰረዝ ከባድ ነበር፤ ከፊሉን ሕዝብ ይዞ መሄድ ግን ይቻል ነበር። በዓሉ ራሱ ዓላማ ሲሆን የሚመጣው አደጋ ይህ ነው።

አድናቂዎቹም አንድ ዓይነት አልነበሩም። የሻም 69 ባንድ ዘፋኝ ጂሚ ፐርሲ እንቅስቃሴውን ደግፎ ቆመ። ከባንዱ ተከታዮች መሀል ግን የናሽናል ፍሮንት ደጋፊዎች ነበሩ። ኮንሰርቶቹን ይረብሹ ነበር። ዘፋኙ ጥሩ ነገር ስለተናገረ አድናቂው ሁሉ ይከተለዋል ማለት አይደለም።

ውጤቱስ?

በሜይ 1979ኙ ምርጫ ናሽናል ፍሮንት 303 እጩዎች አቀረበ። ያገኘው 0.6 በመቶ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ፓርቲው እርስ በርሱ ተከፋፈለ። የሙዚቃ ሰዎች ይህን ድል የእኛ ነው ይላሉ። እኔ ግን ነገሩን ጠቅልሎ ለኮንሰርቱ መስጠት ያስቸግረኛል። በጃንዋሪ 1978 የኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ መሪዋ ማርጋሬት ታቸር በቴሌቪዥን ቀርባ፣ ሕዝቡ አገሩ የተለየ ባህል ባላቸው ሰዎች እንዳይጥለቀለቅ ይፈራል ብላ ነበር። ብዙ ተንታኞች የናሽናል ፍሮንት ድምፅ ወደ እሷ ፓርቲ የሄደው በዚህ የተነሳ ነው ይላሉ። ይህ ትክክል ከሆነ ፓርቲው ተሸነፈ እንጂ ሐሳቡ ሌላ ቤት አገኘ ማለት ነው።

ለሙዚቃው ልሰጠው የምደፍረው ሌላ ነገር ነው። ናሽናል ፍሮንት ወጣቱን ይፈልግ ነበር። በየስታዲየሙ በር ጋዜጣውን ይሸጥ ነበር። ፓንክ ሲመጣ ቁጣ የሞላው፣ ሥራ የሌለው ወጣት በብዛት አብሮ መጣ። ያ ቁጣ ወዴት እንደሚሄድ ገና አልተወሰነም ነበር። አንዳንድ ፓንኮች ለማስደንገጥ ብለው የናዚን ምልክት ስዋስቲካ ያደርጉ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው ልጅ ኮት ላይ የእንቅስቃሴው ባለ ኮከብ ባጅ ሊገኝ ይችላል። ፋሺስት መሆን ለወጣቱ የሚያሳፍር ነገር ሆነ። ይህን ሕግ አያደርገውም፤ ፖሊስም አያደርገውም።

ኮሜዲውም ተለወጠ። በሜይ 1979 ለንደን ሶሆ ውስጥ ኮሜዲ ስቶር የተባለ የኮሜዲ ክበብ ተከፈተ። መድረክ መሪው ኮሜዲያኑ አሌክሲ ሴይል ነበር። በዚያው ዓመት እሱና ቶኒ አለን ያሉበት አልተርናቲቭ ካባሬ የተባለ ቡድን ተመሠረተ። ዘር ላይና ሴት ላይ ያነጣጠረ ቀልድ አንቀልድም አሉ። ይህን ሁሉ ኮንሰርቶቹ ወለዱት አልልም። ግን የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው፤ ታዳሚያቸውም በአብዛኛው ያው ወጣት ነው። ስደተኛውን ሳይነኩ ማሳቅ እንደሚቻል አሳዩ፤ ከዚያ ወዲህ የድሮው ዓይነት ቀልድ ያረጀ መምሰል ጀመረ።

የመጨረሻው ትልቅ ኮንሰርት በጁላይ 1981 ሊድስ ከተማ ውስጥ ተደረገ። ዋናው ባንድ ዘ ስፔሻልስ ነበር። ጥቁርና ነጭ አባላት ያሉት ባንድ ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ነገሩ እዚህ ደረሰ፤ መጀመሪያ ላይ ሁለት ባንዶችን በአንድ ምሽት ማገናኘት ራሱ ሥራ ነበር፤ አሁን አንዱ ባንድ ራሱ ድብልቅ ነው። ከሊድስ በኋላ እንቅስቃሴው ሥራውን አቆመ።

መዝጋታቸውን አከብራለሁ። ስሙ የታወቀ ነበር፤ ወደ ፓርቲ ወይም ወደ ንግድ ሊቀይሩት ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። ሰዎቹ ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። ሳውንደርስ ወደ ፎቶው ተመለሰ። ብራግ ጊታሩን ይዞ በየሠራተኞች ሰልፍ ላይ መዝፈን ጀመረ። የስፔሻልስ መሥራች ጄሪ ዳመርስ በ1984 ለኔልሰን ማንዴላ መፈታት ዘፈን ሠራ፤ በ1988 በዌምብሊ ስታዲየም የማንዴላ 70ኛ ልደት ኮንሰርት ሲዘጋጅም ከአስተባባሪዎቹ አንዱ እሱ ነበር።